በራሳችን መኪና ለድርጅት ሥራ ስንሄድ፦ ከነዳጁ ሌላ ያለውን ወጪ ማን ይክፈል?

የቀፊራው (ድሬዳዋ)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ በሆነ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምሥራቅ ቅርንጫፍ የሽያጭና የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቅርንጫፍ ስል አንድ ክፍል፣ አንድ ማተሚያ ማሽንና እኔ ነን። የድርጅት መኪና የለም። ስቀጠር "መኪና አለህ?" ብለው ጠየቁኝ፤ አለኝ አልኳቸው። ውሉ ላይ ግን ስለ መኪናው አንድም መስመር አልሰፈረም።

ሥራው ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ብቻ ቢሆን ባጃጅ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ሐረር፣ ሐረማያ፣ ባቢሌ፣ አንዳንዴም ጅግጅጋ ድረስ ደንበኞች አሉን፤ ዕቃውም ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ አስቀምጠውት የሚሄዱት ዓይነት አይደለም። እስካሁን የሚከፈለኝ የነዳጅ ደረሰኝ ሳቀርብ ብቻ ነው። ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ ሁሉ ከኪሴ ነው። ይህንን በደብዳቤ ባነሳ የፋይናንስ ክፍሉ እንዲህ የሚል መልስ ሰጠኝ፦ "ደረሰኝ ማወራረዱ ለሁለታችንም ጣጣ ነው። በወር 6,000 ብር የትራንስፖርት አበል ደመወዝህ ላይ እንጨምርልህና አንተው አብቃቃው።" ደመወዜ 20,000 ብር ነው። ልፈርም ወይስ ልቆይ? እናንተ ዘንድስ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሳቢያን ማዶ (ድሬዳዋ)

ፈርም እንጂ ወንድሜ! በየወሩ ቋሚ 6,000 ብር የሚሰጥ ድርጅት ከየት ይገኛል? እኔ የምሠራበት ቦታ የነዳጅ ደረሰኝ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪጸድቅ የሁለተኛው ወር ደመወዝ ይቀድመዋል። ቤንዚኑን በራሴ ገንዘብ እየገዛሁ ለድርጅቱ የማበድረው እኔ ነኝ። ወለድ እንኳ የለውም።

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

የቀፊራው፣ ከመፈረምህ በፊት ይህችን ስሌት እያት። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ውል በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል።

የትራንስፖርት አበል ተብሎ በየወሩ ከደመወዝ ጋር የሚከፈል ገንዘብ ከግብር ነጻ የሚሆነው በልክ ነው። በገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ከደመወዝህ አንድ አራተኛ መብለጥ የለበትም፤ ጣሪያው ደግሞ 2,200 ብር ነው። የአንተ አንድ አራተኛ 5,000 ብር ቢሆንም የሚያዝልህ 2,200 ብር ብቻ ነው። የቀረው 3,800 ብር ደመወዝህ ላይ ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ገቢ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ አንተ ደግሞ ቀድሞውኑ ከዚያ በላይ ነህ። ስለዚህ 1,330 ብር በየወሩ ይሄዳል። እጅህ የሚገባው 4,670 ብር ነው። በዚያ ላይ ነዳጁን ከዚሁ ልትከፍል ነው!

በሌላ በኩል ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ላወጣው የጉዞ ወጪ የሚተካለት ገንዘብ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 65 ከግብር ነጻ ከተደረጉት ገቢዎች አንዱ ነው። ያወጣኸውን ነው የመለሱልህ፤ ገቢ አላገኘህም። ድርጅቱ ያቀረበልህ ግን ወጪህን ወደ ደመወዝ ዝርዝር አስገብቶ ግብር እንድትከፍልበት ነው። ጣጣው የቀነሰው ለእነሱ ብቻ ነው።

የቀፊራው (ድሬዳዋ)

1,330 ብር! ይህንን ማንም አልነገረኝም። እንግዲህ በደረሰኝ ልቀጥል ማለት ነው? ያኔ ደግሞ ጎማውና ፍሬኑ እኔው ላይ ሊቀር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግብር ላይ ላስቀንሰው እችላለሁ?

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

አትችልም። ተቀጣሪ የደመወዝ ግብሩን የሚከፍለው ከጠቅላላ ደመወዙ ነው፤ እንደ ነጋዴው "ይህን ይህን አውጥቻለሁ" ብሎ የሚቀንሰው ወጪ የለም። ስለዚህ አሠሪህ ያልተካልህ ገንዘብ በቃ ያንተ ኪሳራ ነው። መንገዱ አሠሪው በኪሎ ሜትር እንዲተካልህ ማድረግ ነው።

ለንደን ያለው (ተወላጅነቱ ድሬ)

እዚህ ጋር ልግባ። እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ነኝ፤ ከአንዱ አረጋዊ ቤት ወደ ሌላው የምሄደው በራሴ መኪና ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ተመን አለ፦ በዓመት ለመጀመሪያዎቹ 10,000 ማይል ለእያንዳንዱ ማይል 45 ፔንስ (የፓውንድ ሳንቲም)፣ ከዚያ በላይ ላለው 25 ፔንስ። የ45 ፔንሱ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው፤ ነዳጁ ስንት ጊዜ ጨምሮ ሳለ በዚያው ስንኖር ኖረናል። ተመኑ ነዳጅን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የጎማውም የኢንሹራንሱም የመኪናው ማርጀትም ድርሻ በውስጡ ነው። አሠሪው ከተመኑ በታች ከከፈለ ሠራተኛው በልዩነቱ ላይ የግብር ቅናሽ ይጠይቃል። ከቤት ወደ መደበኛው የሥራ ቦታ የሚደረገው መመላለስ ግን አይቆጠርም።

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

የእኛ የገቢ ግብር አዋጅ እንዲህ ያለ በኪሎ ሜትር የተቆረጠ ተመን አላስቀመጠም፤ ስለዚህ ድርጅቱና ሠራተኛው በስሌት ተደግፈው መስማማት አለባቸው። የቤትና የቢሮ መመላለሱ ግን እኛም ዘንድ የሥራ ጉዞ አይባልም። የቀፊራው ቤቱ ሳቢያን፣ ቢሮው ከዚራ ቢሆን ጠዋት ከሳቢያን ከዚራ የነዳው የራሱ ነው። ከከዚራ ተነስቶ ሐረር የሄደው የድርጅቱ ነው።

ባለ ጋራዥ (ድሬዳዋ)

ሒሳቡን ለተማሩት ትቼ ስለ መኪናው ልናገር። "ነዳጅ ከተከፈለህ ሌላ ምን ቀረህ" የሚል ሰው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በራሱ መኪና ወጥቶ የማያውቅ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ላይ ስትደርስ ከ2,000 ሜትር አልፈሃል። ያ ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ውስጥ ነው የሚወጣው። ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊት ሲኖትራክ፣ ከኋላ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ። ሞተሩ ይግላል፣ ፍሪሲዮኑ ይበላል። ሲወረድ ይብሳል። አብዛኛው ሰው በማርሽ መያዝን ትቶ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ረግጦ ነው የሚወርደው። እዚህ ስትደርሱ ጎማው አካባቢ የሚሸተው ነገር የፍሬን ሸራው ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ሸራ የሚቀይርበትን ጊዜ የሐረር ተመላላሹ እኩሌታውን አይቆይም።

ለማንኛውም ለስሌት እንዲረዳህ አንድ ምሳሌ ላስቀምጥልህ፤ ዋጋውን አንተ በራስህ ደረሰኝ አስተካክለው። ከዚህ ሐረር ደርሶ መልስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዳገቱ ጋር በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ቢሄድልህ 10 ሊትር ነው። ሊትሩን 120 ብር ብንል 1,200 ብር፤ በኪሎ ሜትር 11 ብር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አራት ጎማ በ48,000 ብር ገዝተህ 40,000 ኪሎ ሜትር ብትነዳበት በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ20። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 8,000 ብር ካልን 1 ብር ከ60። ፍሬንና ፍሪሲዮን ላንተ መንገድ ከ1 ብር አያንስም። ኢንሹራንስ በዓመት 40,000 ብር፣ መኪናው በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ 2 ብር። ሲደመር 17 ብር ገደማ። የመኪናው ዋጋ መውረድ፣ ያው እኛ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው የሚጨምርበት ጊዜም ስላለ፣ እሱን ለክርክር ተወው።

ሳቢያን ማዶ (ድሬዳዋ)

ባለ ጋራዡ፣ በዚህ ስሌት እኔ ስንት ዓመት ስዘረፍ ኖሬያለሁ ማለት ነው?

ባለ ጋራዥ (ድሬዳዋ)

ድርጅትህን ጠይቅ። እኔ ሸራውን ነው የምቀይረው።

አባ ነጋዴ (ሐረር)

ልጆች፣ የአሠሪውንም ወገን ስሙ። እኔ ሐረርና ጅግጅጋ ላይ መጋዘን አለኝ፤ በራሳቸው መኪና የሚሠሩልኝ ሠራተኞች አሉ። በነዳጅ ደረሰኝ ስከፍል ነበር። ታዲያ የደረሰኙ ሊትር ከመንገዱ ጋር ሊገጥም አልቻለም። መኪናው ለሥራ የሄደበትን እሑድ ለሰርግ ከሄደበት የሚለየው ምንድን ነው? ማደያው ለሁለቱም ያው አንድ ደረሰኝ ነው የሚሰጠው። በኪሎ ሜትር ልክፈል ስል ደግሞ የአንዱ ሠራተኛ ኪሎ ሜትር ሐረማያ ለመድረስ በባቢሌ በኩል የሚዞር ይመስል ነበር።

መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ይህ ነው። ዋና ዋናዎቹን መንገዶች በራሴ መኪና ለክቼ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ሐረር ድሬዳዋ ይህን ያህል፣ ሐረር ጅግጅጋ ይህን ያህል፣ ሐረር ባቢሌ ይህን ያህል። ሠራተኛው የሄደበትን ቀንና ያገኘውን ደንበኛ ጽፎ ያስፈርማል፤ ርቀቱን ከሠንጠረዡ እናነባለን። ከተማ ውስጥ ለሚዞርበት ትንሽ ጭማሪ አለው። ክርክሩ ቀረ። ሠራተኛውም ነዳጅ ቢቆጥብ ትርፉ የራሱ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማስረጃው ነው፤ ሰነድ የሌለው ወጪ ግብር ሰብሳቢው ፊት ወጪ አይደለም፤ ትርፍ ሆኖ ግብር ይጣልበታል።

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ሠንጠረዥ ጥሩ አሠራር ነው። እኔ የምጨምረው ሠንጠረዡ ብቻውን እንዳይቀር ነው። የቀፊራው፣ መደበኛ ደብተር ግዛና እንዲህ ያለ መስመር በየጉዞው ሙላ፦

ቀን፤ መነሻ ከዚራ ቢሮ፤ መድረሻ ሐረር፣ የደንበኛው ስም፤ ምክንያት የላቦራቶሪ ማሽን ጥገና፤ የቆጣሪ ንባብ ሲነሳ 148,210፣ ሲመለስ 148,322፤ የደንበኛው ተቀባይ ፊርማ።

የዚያ ቀን የጥገና ሪፖርት ቁጥር ጎኑ ላይ ይጻፍ። ኦዲተር የሚፈልገው ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው መመስከራቸውን ነው። ደብተሩ በወሩ መጨረሻ በአንድ ሌሊት የተሞላ ከሆነ ያስታውቃል፤ ሁሉም መስመር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ ኪሎ ሜትሩም ሁሉ በዜሮ የሚያልቅ ይሆናል። ሲከፈልህም ከደመወዝህ ጋር ተደባልቆ ሳይሆን ለብቻው፣ የጉዞ ወጪ መተኪያ ተብሎ በባንክ ይግባልህ።

የነዳጁንም ማስረጃ አትጣል። በቴሌብር ስትቀዳ የሚደርስህ መልእክት የግብይት ቁጥር አለው፤ ደረሰኙን በዚያ ቁጥር አውጥተህ ከደብተሩ ጋር አያይዘው።

የአወዳይ መንገደኛ

እህቴ፣ ቴሌብሩስ እሺ። ማደያው ባዶ ሲሆንስ? ሰልፉ ሁለት ዙር ተጠምዞ፣ ተራህ ሲደርስ "አልቋል" ስትባል ደንበኛው ደግሞ ሐረር ላይ እየጠበቀህ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው ልጅ ከመግዛት ሌላ ምን አማራጭ አለ? ዋጋው እጥፍ ነው፤ ደረሰኝ ብትለው ይስቅብሃል።

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

ያንን ማንም ሒሳብ ሠራተኛ ሊመዘግብልህ አይችልም፤ ከማደያ ውጭ መሸጡም ያስቀጣል። በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ሰው ቢያንስ ለተጓዘው መንገድ ይከፈለዋል፤ በእጥፉ የገዛው ልዩነት ግን እሱ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቀን ለቅርብ አለቃህ ጽፈህ ቀጠሮውን ማዛወር ይሻላል።

ከፍርድ ቤት ደጅ (ድሬዳዋ)

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጥብቅና ላይ ነኝ። ሦስት ነገር ልበል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 በሥራ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። የቀፊራው ውል ስለ መኪናው ዝም ካለ ዝምታው ለእሱ ይጠቅማል። ስለዚህ አሁን የሚቀርብለትን የውል ማሻሻያ በጥንቃቄ ያንብበው፤ "ሠራተኛው በራሱ ተሽከርካሪና በራሱ ወጪ" የሚል ሐረግ ከገባ በራሱ ፊርማ መብቱን ሰጠ ማለት ነው። ይህችን ሐረግ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከአበሉ አንቀጽ ቀጥሎ በትንሽ ፊደል ነው የምትገባው።

ሌላው፣ በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 53 የትራንስፖርትና የውሎ አበል እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። "ደመወዝህ 26,000 ሆነ" ቢሉህ አትታለል፤ ሥራ ስትለቅ ስንብትህ የሚሰላው ያለ እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰዎች የሚወድቁበት ግን ጊዜው ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ይታገዳል። ሳቢያን ማዶ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ልጠይቅ ካልህ የዘገየህ ይመስለኛል። የቅርቡን በጽሑፍ ጠይቅ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ችሎት ላይ ክብደት የለውም።

ሳቢያን ማዶ (ድሬዳዋ)

ተረዳሁ። ዛሬ ማታ ነው የምጽፈው። ለመሆኑ መኪናዬን ለድርጅቱ ባከራየውስ? ጓደኛዬ እንዲያ አድርጎ በወር ቁርጥ ኪራይ ይቀበላል።

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

ይቻላል፤ ግን ያኔ የኪራይ ገቢ አገኘህ። የኪራይ ንግድ የሌለው ሰው አልፎ አልፎ ንብረቱን ሲያከራይ በአዋጅ 979/2008 ከጠቅላላው ኪራይ 15 በመቶ ግብር አለበት፤ ወጪ አይቀነስለትም። አንተ ብትነዳውም መኪናው በኪራይ ሥራ ላይ ነው፤ ኢንሹራንሱም ይህንን ማወቅ አለበት።

ኢንሹራንስ ቤት ያለሁ (ድሬዳዋ)

ኢንሹራንስ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ ሁላችሁም አላችሁ። ሙሉ ሽፋን የገዛችሁ ግን ፖሊሲያችሁን አውጡና "የተሽከርካሪው አገልግሎት" የሚለውን አንብቡ። ኮድ 2 የግል መኪና በግል አገልግሎት ተመዝግቦ፣ የኋላ ወንበሩ ተነሥቶ የድርጅት ዕቃ ሲመላለስበት ከርሞ፣ አደጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊሱ ጭነቱን በሪፖርቱ ላይ ይጽፈዋል። ያኔ የካሳ ክፍሉ ጥያቄ ያነሣል። የቀፊራው፣ ለኢንሹራንስህ በደብዳቤ አሳውቅና የዓረቦን ጭማሪ ካለ ያንን ጭማሪ ሙሉ በሙሉ አሠሪህ ይተካልህ። በኪሎ ሜትሩ ውስጥ አትቅበረው፤ ያለ እነሱ ሥራ የማይመጣ ወጪ ነው። ማሽኑ ራሱ በመንገድ ላይ ቢሰበርም የመኪናው ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ለዕቃው ድርጅቱ የራሱን ሽፋን ይግዛ።

ባለ ኤሌክትሪኳ (ሐረር)

እኔ ደግሞ ነዳጅ የሚባል ነገር የለኝም። መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲያደርግ የኤሌክትሪክ ገዛሁ፤ የማስተምረው በሁለት ካምፓስ ስለሆነ ለሥራ እመላለሳለሁ። ማታ ግቢዬ ውስጥ ነው ቻርጅ የማደርገው። ወጪዬን ሳቀርብ "የነዳጅ ደረሰኝ አምጪ" ይሉኛል። የመብራት ክፍያው ላይ ምጣዱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ መኪናውም አንድ ላይ ናቸው፤ ለይቶ የሚያሳይልኝ ማን ነው? ወደ ሐረር ሽቅብ ስወጣ ባትሪው እያየሁት ይወርዳል፤ ተመልሼ ከደንገጎ ቁልቁል ስወርድ ደግሞ ራሱን እየሞላ ድሬዳዋ ይገባል። ፋይናንሱ ለወረደውና ለሞላው ደረሰኝ ከየት ላምጣለት?

አባ ነጋዴ (ሐረር)

ልጄ፣ የአንቺ ነገር በደረሰኝ መክፈል እንዳበቃለት ያሳያል። ርቀት ግን ነዳጅም ይሁን ኤሌክትሪክ ያው ርቀት ነው። እኔ ብሆን ከነዳጁ ድርሻ ዝቅ ያለ ተመን አወጣልሽና ጎማውንና ኢንሹራንሱን እንደ ሌላው ሰው አስቤ እከፍልሻለሁ። እንዲያውም የኤሌክትሪክ መኪና ከብዶ ጎማ ይበላል ይባላል።

ባለ ጋራዥ (ድሬዳዋ)

ይበላል። የፍሬን ሸራው ግን ይቆያል።

የቀፊራው (ድሬዳዋ)

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረስንበትን ልንገራችሁ። የ6,000 ብሩን አበል አልፈረምኩም። በሒሳብ ሠራተኛዋ መልክ ደብተር አዘጋጅቼ፣ በጋሼ ሠንጠረዥ ርቀቱን አስቀምጬ፣ በኪሎ ሜትር 17 ብር ጠየቅሁ፤ የባለ ጋራዡን ዝርዝር በራሴ ደረሰኞች አስተካክዬ አያይዣለሁ። የ1,330 ብሩንም ስሌት ጨመርኩበት፤ ለካ ፋይናንስ ኃላፊው ራሱ አላሰላውም ነበር። መልሳቸው፦ ደብተሩንና ሠንጠረዡን ተቀብለናል፣ ተመኑ ግን 14 ብር ይሁን። የኢንሹራንሱን ጭማሪ ለብቻው ለመክፈል ተስማምተዋል። የነዳጅ ዋጋ ሲከለስ ተመኑስ ምን ይሆናል ብላቸው "በዓመት አንዴ እናየዋለን" አሉኝ። እዚህ ላይ ተያይዘን ቆመናል።

የሒሳብ ሰው (ሐረር)

በዓመት አንዴ አትቀበል። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የነዳጅ ዋጋ ሲከልስ ዓመት አይጠብቅም። ተመኑን ለሁለት ክፈለው፦ አንዱ የነዳጅ ድርሻ፣ እሱም የድሬዳዋ የሊትር ዋጋ መኪናህ በሊትር ለሚሄደው 11 ኪሎ ሜትር ሲካፈል፤ ሌላው የመኪናው ድርሻ፣ ቁርጥ ሆኖ በዓመት አንዴ የሚታይ። የመጀመሪያው ዋጋው በተከለሰ ቀን ራሱ ይለወጣል፤ አዲስ ስምምነት አያስፈልገውም። ክርክራችሁ በመኪናው ድርሻ ላይ ብቻ ይሆናል፤ እሱም 3 ብር ይሁን 6 ብር የጎማና የዘይት ደረሰኝህ ይናገራል። አዲሱ ውል እስኪፈረም ግን የዚህን ወር ነዳጅ በቀድሞው መንገድ አወራርደው፤ ሁለቱን አሠራር በአንድ ቅጽ ላይ አትደባልቅ፤ አንዱን ጉዞ ሁለቴ ያስከፈልክ ያስመስላል።

ሳቢያን ማዶ (ድሬዳዋ)

የቀፊራው፣ ያንን ደብዳቤ ስሙን አጥፍተህ ብትልክልኝ። የእኔዎቹ ደግሞ ነዳጁንም ገና አልከፈሉኝም።